በቁም ተዝካር ላይ የደረሰው ዕጩ

ወረታ ላይ ድንኳን፣ ወንበርና ድምፅ ማጉያ የማከራይ ሰው ነኝ። ይህን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ያላየሁት ሠርግ፣ ያልቆምኩበት ልቅሶ የለም። ትልቁ ድንኳኔ ስሙ ደብረ ታቦር ድረስ የታወቀ ነው፤ ሰው «ዛሬ የማን ሠርግ ነው?» ብሎ አይጠይቅም፣ «ያ ድንኳን ዛሬ የት ነው ያለ?» ይላል እንጂ። ድምፅ ማጉያዬ ደግሞ እዚህ ሲከፈት ጣና ውስጥ ያለ አሣ ይደነግጣል። ባለቤቴ ይህን ስል በሰማች ቁጥር «ግማሹን ቀንሳችሁ ስሙት» ትላለች። እሷም ታጋንናለች። ሩቡን ብትቀንሱልኝ ይበቃል።

ከእኛ ጋር አጥር የሚጋሩ ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት አሉ። እሳቸውን ጋሼ፣ ባለቤታቸውን እትዬ እላለሁ። ጋሼ ዕድሜያቸውን የፈጁት መንገድ ሥራ ላይ ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው መንገድ ገና አስፋልት ሳይለብስ፣ ክረምት የቆፈረውን በጋ ሲደፍኑ፣ በጋ የደፈኑትን ክረምት መልሶ ሲቆፍርባቸው ኖረው በጡረታ ተሰናበቱ። «እኔና ዝናብ አንድ መሥሪያ ቤት ነበርን» ይላሉ። «እሱ ግን እስካሁን ጡረታ አልወጣም።»

እትዬ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ ናቸው። ክረምት በገባ ቁጥር ሜዳው ሐይቅ፣ ቤቱ ደሴት በሚሆንበት አገር ስላደጉ የሚፈሩት ነገር የለም። እኔ የምፈራቸው ግን እሳቸውን ነው። አንድ ጊዜ ድንኳኔ ሳይታጠብ ልተክለው ስል ደርሰውብኝ የተቆጡኝ ቁጣ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ልጅ አልወለዱም። ይህን ነገር ከሁለቱ አንዳቸውም ሰው ፊት ሲያነሡት ሰምቼ አላውቅም። ጋሼን እንቅልፍ የነሣቸው ሌላ ጉዳይ ነበር። ሁለቱ የተጋቡት በሽማግሌ ነው፤ በጊዜው የጋብቻ ወረቀት የሚባል ነገር ማንም አልጠየቃቸውም፣ እነሱም አላወጡም። ጋሼ ቢሞቱ ከጡረታቸው ለሚስት የሚተላለፍ አለ። ያን ለመቀበል ግን ሚስት መሆንን በወረቀት ማሳየት ያስፈልጋል። ወረቀቱን ለማውጣት ደግሞ ሁለቱም ቀርበው መፈረም አለባቸው። እትዬ አልፈርምም አሉ።

አንድ ቀን ጋሼ በአጥሩ ጠሩኝ።

«ስማ አንተ ቀላማጅ። አንዳንዴ እንኳ ቁም ነገር ይገባሃል?»

«በወር አንዴ ይገባኛል ጋሼ። ዛሬ ቀኑ ነው።»

«ይችን ሴት አስፈርምልኝ። ብላት ብሠራት እምቢ አለች። እኔ ያለፍኩ እንደሆን ከማን ደጅ ልትቆም ነው? ወንድሞቿ አልቀዋል። መሬት የላት፣ ከብት የላት። ያለኝ ይችው ጡረታ ነች፤ እሷም ከእኔ ጋር መቃብር ልትገባ ነው።»

ሲናገሩ ፊታቸው ላይ የቀልድ ምልክት አልነበረም። ጋሼን ያለ ቀልድ ያየሁት ያን ቀን ነው።

እትዬ በረንዳቸው ላይ ሩዝ እያበጠሩ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሩዙ፣ ስለ ከብቱ ጤና ካወራሁ በኋላ እንደ ዋዛ አድርጌ ጣል አደረግሁ።

«እትዬ፣ ቀበሌ ብቅ ብላችሁ አንዲት ፊርማ ብትፈርሙስ?»

«የምን ፊርማ?»

«ለጡረታው። ድንገት ጋሼ አንድ ነገር ቢሆኑ…»

ሰፌዱ ቆመ።

«ድንገት ምን ቢሆኑ?»

«አይ፣ ማለቴ፣ ሁላችንም ሟች ነን…»

«አንተ ሙት ከፈለግህ! እኔ በባሌ ሞት ላይ አልፈርምም። ሰው ምን ይላል? ወረቀቷን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ቀኑን ትጠብቃለች ይለኛል። ሰውስ ይበል። እኔ ራሴን ምን እለዋለሁ? ሌሊት ሲያስላቸው በሰማሁ ቁጥር ያች ወረቀት ትዝ ልትለኝ ነው?»

«ታዲያ እርስዎ በኋላ ምን ይበላሉ?»

«እኔ ቀድሜ እሞታለኋ!» አሉና ሰፌዱን መልሰው አንቀሳቀሱት።

የሩዝ ገለባ ከፀጉሬ ላይ እያራገፍኩ ወጣሁ። ለጋሼም «አልሆነም» ብዬ ነገርኳቸው። እሳቸውም «አውቄው ነበር» አሉ። ካወቁት ለምን እንደላኩኝ አልጠየቅኋቸውም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ክረምት አለፈ። የጋሼ ጉልበት እየደከመ መጣ። ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርደው ሰነበቱ። ውሃው እንቁላል የሚቀቅል፣ ዶሮ ብትገባበት ወጥ ሆና የምትወጣበት ነው፤ የጋሼን ጉልበት ግን እምብዛም አላለሰለሰውም። ከዚያ ሲመለሱ አንድ ሐሳብ ይዘው መጡ። የቁም ተዝካሬን አወጣለሁ አሉ።

ይህ ልማድ በእኛ አገር ያለ ነው። ልጅ የሌለው ሰው፣ ከሞትኩ በኋላ ማን ያስበኛል ብሎ፣ ገና በሕይወቱ ሳለ የራሱን ተዝካር ደግሶ ካህናቱን፣ ጎረቤቱንና ድሃውን አብልቶ ያርፋል። እኔ እትዬ በቁጣ ቤቱን ያፈርሱታል ብዬ ስጠብቅ እሳቸው ጭራሽ ደስ ብሏቸው ጌሾ መውቀጥ ጀመሩ። ግራ ገባኝ።

«እትዬ፣ ፊርማውን ሟርት ነው ብለው፣ ተዝካሩን እንዴት እሺ አሉ?»

«ተዝካሩ ለነፍሳቸው ነው። ወረቀቱ ለሆዴ ነው። ልዩነቱ አይታይህም?»

ልዩነቱ ይታየኛል። ጋሼም ይታያቸው ነበር፤ ስለዚህ ነው ጭንቀታቸው ያልቀነሰው። በሬ ሊገዙ ይፋግ ገበያ አብሬያቸው ስሄድ መንገዱን ሙሉ የነፍሴ ነገር አላሉም። «ለእኔስ ደገስኩ፤ ለእሷ ነው እንጂ» እያሉ ሄዱ፤ «ለእሷ ነው እንጂ» እያሉ ተመለሱ። የገዛነው በሬ ግን የፎገራ በሬ ነበር፤ ከኋላው ሆኖ ለሚያይ ፀሐይ የሚጋርድ።

ይኸው ሰሞን የምርጫ ቅስቀሳ ነበር። ለወረዳችን ከሚወዳደሩት አንዱ፣ ዕድሜው ከእኔ ትንሽ የሚያንስ፣ ኮቱ ቀጥ ያለ፣ ንግግሩ ለስላሳ ሰው፣ ሌሎቹ ወጣቱን ተሻምተው ስለጨረሱት ይመስለኛል ፊቱን ወደ አዛውንቱ መለሰ። በየግድግዳው የለጠፈው ወረቀት ላይ «ለአዛውንቶቻችን ለኑሮ የሚበቃ ጡረታ፣ ለአቅመ ደካሞች ድጋፍ» ይላል። ለስብሰባው ሁለተኛውን ድምፅ ማጉያዬን ተከራየኝ። ቀኑ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። የጋሼ ተዝካርም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። እኔ ለሁለቱም እሺ አልኩ። ቀኑ አንድ መሆኑን ለዕጩው መንገር ነበረብኝ። ረሳሁት ብል ባለቤቴ አታምነኝም፤ እናንተም ተዉት።

እሑድ በጠዋት ድንኳኑን ተክዬ፣ የዕጩውን ድምፅ ማጉያ አደባባዩ ላይ ካለው ዛፍ ጥላ ሥር ዘርግቼ ቆየሁ። ሰዓቱ ደረሰ። አዛውንት እንዲመጣ ተብሎ የተደረደረ ወንበር ባዶውን ቀረ። የመጡት ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። አንዱ ተኝተዋል። ሌላው የባሕር ዳር መኪና የሚጠብቁ መንገደኛ ናቸው። ዕጩው ሳይሰለች ለሁለቱ ጥቂት ተናገረ። መኪናው መጣና አንድ ቀሩ።

የዕጩው አስተባባሪ፣ ደብተር ታቅፎ የሚዞር ቁጡ ሰው፣ ወደኔ መጣ።

«የዚህ አገር ሽማግሌ የት ገባ?»

«ተዝካር ላይ ናቸዋ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ሰውየው የተወደዱ ናቸው።»

«ማን ነበሩ?»

«ጡረተኛ። መንገድ ሥራ ያገለገሉ።»

ልብ በሉ፣ እስከዚህ ድረስ ውሸት አልተናገርኩም። ሞተዋል አላልኩም። ያልተጠየቅሁትን የመመለስ ልማድ ስለሌለኝ ብቻ ነው።

አስተባባሪው ዓይኑ በራ። «እንሂድ እዛው!» አለ። ዕጩው ግን አመነታ።

«ሐዘን ቤት ገብቼ ቅስቀሳ አላደርግም። ደግ አይደለም» አለ። ከዚያ ትንሽ አሰበና «ሄጄ ግን አጽናናለሁ። ጡረተኛ ከሆኑ መሄድም ይገባኛል» አለ። ያን ጊዜ ነበር ልነግረው የሚገባኝ፤ ሰውየው ቅን መሆኑ ታይቶኛልና። ሆዴ ውስጥ ያለው ሰይጣን ግን መንገዱን እየመራ ወጣ።

መንገድ ላይ በጨዋ ደንብ ጠየቀኝ። ልጅ አላቸው? የላቸውም። ባለቤታቸው አሉ? አሉ። ጡረታው ይተላለፍላቸዋል? የጋብቻ ወረቀት የላቸውም። ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። ይህም ሁሉ እውነት ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ጢም ብሏል። ካህናቱ ከላይ ተቀምጠዋል፤ ጋሼ አዲስ ጋቢያቸውን ለብሰው ከመሪጌታው ጎን ሆነው ቅልጥም ይዘዋል። እትዬ ከሴቶቹ መሃል ነጭ በነጭ ለብሰው የሩዝ ጠላ ያስቀዳሉ። ዕጩው ሲገባ ፊቱን በሐዘን አጨፈገገ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ከላይ ጀምሮ እየዞረ እጅ ነሣ። ሰው «ይኼ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» እየተባባለ ያየዋል። ጋሼ ዘንድ ደረሰ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት አባቴ። ለሟቹ ምናቸው ነዎት?»

ጋሼ ቅልጥሙን ከአፋቸው አወጡ። ዕጩውን አዩት። ከኋላው የቆምኩትን እኔን አዩኝ። ገባቸው።

«ቅርባቸው ነኝ» አሉ።

«አብራችሁ ነው ያደጋችሁ?»

«ተለያይተን አናውቅም።»

«ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?»

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። «ደህና ሰው ነበር። ትንሽ መጠጥ ያበዛ ነበር እንጂ።»

መሪጌታው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ዕጩው የሚያለቅሱ መስሎት «አይዞዎት አባቴ» ብሎ ዳሰሳቸው። ይኼኔ ወሬው በድንኳኑ ውስጥ እንደ እሳት ሮጠ፤ ከወንዶቹ በኩል ያለው ሁሉ ገባውና ሳቁን በጠላ ዋንጫ ሸፈነ። ሴቶቹ ራቅ ብለው ስለነበሩ አልሰሙም። አንዱ ጎረቤታችን፣ እግዜር ይይለት፣ ማይኩን አንሥቶ ለዕጩው ሰጠው። እኔ አይደለሁም። እኔ ከፍቼ ያስቀመጥኩት ብቻ ነው።

ዕጩው ቆመ።

«ወገኖቼ፣ ዛሬ የተሰበሰብነው አንድ ባለውለታችንን ለማሰብ ነው። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ስትወጡ ከመንኮራኩራችሁ ሥር ያለው የእኝህ ሰው ጉልበት ነው። ሕመምተኛ ለሐኪም የደረሰበት፣ ሙሽራ የተጓዘበት፣ እህል ለገበያ የወጣበት መንገድ ነው። እኛ ሄድንበት እንጂ ማን እንደሠራው አልጠየቅንም። በሕይወት ሳሉ አመሰግናለሁ ያላቸው ሰው ነበር? እንጃ።»

ጋሼን አየሁ። ቅልጥሙ እጃቸው ላይ እንዳለ ዓይናቸው እንባ ሞልቷል። ለዚያ ሁሉ ዓመት ለዚያ ሁሉ ጠጠር እንዲህ ያላቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም ብሆን አላልኳቸውም። ቀልዱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር ብዬ ከልቤ ተመኘሁ።

ዕጩው ቀጠለ። የጡረተኛው ገቢ ከገበያው ጋር እኩል እንዲራመድ እከራከራለሁ አለ፤ አዛውንቱ ጆሯቸውን አቀኑ። አንድ ሽማግሌ «ይኼስ ደግ ነገር ነው» አሉ። ከዚያም ዕጩው ወደ ሴቶቹ ዞረ።

«እናታችንም ብቻቸውን አይቀሩም። የጋብቻ ወረቀት ስለሌላቸው ሕጉ ሚስት ናቸው አይላቸውም፤ ጡረታውም አይደርሳቸውም። እኔ ግን ከተመረጥኩ በአቅመ ደካሞች መዝገብ ላይ በመጀመሪያው ረድፍ አስጽፋቸዋለሁ። ስንዴና ዘይት በየጊዜው እንዲሰጣቸው…»

እትዬ የጠላውን ማንቆርቆሪያ አስቀመጡ።

«ምን አልክ አንተ ልጅ?»

«እናቴ…»

«ማን ነው ሚስት አይደለችም ያለኝ?»

«ሕጉ ነው እናቴ፤ እኔ…»

«ሕጉ የት ያውቀኛል? ባሌ ጠጠር ሲበትኑ ምሳቸውን ተሸክሜ ዓለም በር ድረስ በእግሬ ስወጣ ሕጉ የት ነበር? ደግሞ ተረጂ! እኔ ከመዝገብ ተጽፌ ዘይት ልቀበል? ለተቸገረ ይሰጥ፣ አይሰጥ አልልም። እኔ ግን ባል አለኝ!»

«ሐዘንዎ ይገባኛል እናቴ። ባለቤትዎን ያጡ ሰሞን…»

«የምን ማጣት! ይኸው ተቀምጠው ቅልጥም ይግጣሉ!»

ሰው ሁሉ ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ምን ያድርጉ፣ ቅልጥሙን ከፍ አድርገው ሰላምታ ሰጡ።

ዕጩው ጋሼን አየ፣ ድንኳኑን አየ፣ ካህናቱን አየ። ማይኩ አሁንም አፉ ዘንድ ነው።

«ታዲያ የሞተው ማን ነው?» አለ።

ያች ጥያቄ በድምፅ ማጉያዬ ወጥታ ወረታን አቋርጣ፣ ሜዳውን ተሻግራ ይፋግ ገበያ ድረስ የደረሰች ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳቅ ልገልጸው አልችልም። የድንኳኑ ምሰሶ ተነቃንቋል፤ ይኼን የምለው የተከልኩት እኔ ስለሆንኩ ነው። መሪጌታው ከወንበር ወርደው መሬት ላይ ተቀመጡ። አስተባባሪው ደብተሩን ይዞ እኔን ፍለጋ ሲዞር እኔ ከተሰቀለው የበሬው ቆዳ ጀርባ ነበርኩ።

ዕጩው መሄድ ይችል ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ተቆጥቶ፣ ቢያንስ ተዋርጄያለሁ ብሎ ይሄዳል። እሱ ማይኩን አስቀመጠ፣ ላቡን ጠረገ፣ እሱም ሳቀ። ጋሼ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡት።

«ና ቁጭ በል። ደህና አድርገህ ነው የቀበርከኝ። የእውነቱ ቀንም እንዳትቀር።»

«ይቅርታ አድርጉልኝ አባቴ።»

«ለምኑ? ስለ መንገዱ ያልከውን ድገምልኝ እንጂ።»

ሰው ወደ ምግቡ ተመለሰ። እትዬ ግን አልተመለሱም። ማንቆርቆሪያውን ትተው መጥተው ዕጩው ፊት ቆሙ። ቁጣቸው ወርዷል፤ ድምፃቸው ግን ከቁጣው ይልቅ ያስፈራ ነበር።

«እውነትህን ነው? ሕጉ ሚስት ናት አይለኝም?»

ዕጩው ጉርሻውን ዋጠ። ዙሪያውን አየ። እንደ ዕጩ ሊመልስ የነበረ ይመስለኛል፤ መልሶ ተወው።

«እውነቴን ነው እናቴ። ሰው ያውቃል፣ እግዜርም ያውቃል። መዝገቡ ግን አያውቅም። እኔ እዚህ ቆሜ አደርጋለሁ ያልኩት ሁሉ ካሸነፍኩ ነው፤ ባሸንፍም መቼ እንደሚሆን አላውቅም። ይኼኛው ግን የእኔን መመረጥ አይጠብቅም። ሁለታችሁም ደህና ሳላችሁ ሄዳችሁ ትፈርማላችሁ፣ አለቀ። አንዳችሁ ከጎደላችሁ በኋላ ግን ሚስት ነበርኩ ብሎ ፍርድ ቤት መቆም ነው። ምስክር መቁጠር ነው።»

«ምስክር? የእኔን ሚስትነት የሚመሰክር ሰው?»

«አዎ።»

እትዬ ወደ እኛ ዞሩ። እኔም በዚህ ጊዜ ከቆዳው ጀርባ ወጥቼ ነበር።

«ይኼን እናንተ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«ኧረግ እትዬ! እኔ ራሴ በረንዳዎ ላይ…»

«አንተማ ቢሞቱ፣ አንድ ነገር ቢሆኑ ነው ያልከኝ! እሳቸውም ማታ ማታ ብሞት ብሞት ነው የሚሉኝ። ከመሞት ሌላ ወሬ ነበራችሁ? ሚስት አይደለሽም ይሉሻል ብሎ የነገረኝ ማን ነው?»

ማንም አልነገራቸውም። ሁላችንም የሚበሉትን ስናስብ ኖረናል፤ ይህን ማንሣት ግን ማናችንንም ትዝ አላለንም። ጋሼም አንገታቸውን ደፍተው የጋቢያቸውን ጫፍ ይጎነጉናሉ።

«አንቱ!» አሏቸው እትዬ።

«አቤት።»

«ነገ ቀበሌ እንሄዳለን። ያን አዲሱን ጋቢ እንዳያቆሽሹት።»

ጋሼ ቅልጥማቸውን ቀስ ብለው ሰሐኑ ላይ አስቀመጡ።

ሰኞ ጠዋት በባጃጅ ሄድን። መጀመሪያ ፎቶ ቤት ገባን። ፎቶ አንሺው ከኋላቸው የባሕርና የዘንባባ ሥዕል ሊዘረጋ ሲል እትዬ «ውሃ በቁሐር ሚካኤል ይበቃኛል» ብለው አስጠቀለሉት። ቀበሌ ስንደርስ ከቁሐር ሚካኤል የመጡት የጋሼ ሚዜ ቀድመውን ተቀምጠዋል፤ በእትዬ በኩል አንዲት የአክስት ልጅ መጥተዋል። ሁለቱም የሠርጉ ዕለት ነበሩ፤ ምስክር እነሱ ናቸው። እኔ ምስክር ልሁን ብዬ ብጠይቅ ማንም አልሰማኝም።

መዝጋቢዋ ትሑት ሴት ነበረች። ሁሉን ጠይቃ ጻፈችና፣

«ጋብቻው የተፈጸመው መቼ ነው?» አለች።

«በጥር» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

«ዓመተ ምሕረቱስ?»

«ርብ ወንዝ ከሞላበት ክረምት በኋላ ያለው ጥር» አሉ ጋሼ።

«ርብ ያልሞላበት ክረምት የትኛው ነው?» አሉ እትዬ። «የአባቴ ጊደር የጠፋችበት ዓመት በሉ።»

«እኔ የአባትሽን ጊደር በምን አውቃለሁ?»

«ለጥሎሽ የተነጋገራችሁባት ናትኮ!»

ሚዜው ጣልቃ ገቡ። «እኔ የማስታውሰው በቅሎዋ ጭቃ ገብታ ሙሽራዋን ጥላ መሄዷን ነው።»

«አልጣለችኝም! ወርጄ ነው!»

«ጥላሻለች።»

«አንተ ምን ታውቃለህ፣ ሰክረህ አልነበር?»

መዝጋቢዋ ሳቋን ይዛ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባባ፣ ዓመተ ምሕረት ካላገኘን ልጽፈው አልችልም» አለች። ክርክሩ እንዲህ ሆኖ ረፋዱን ፈጀ። እትዬም ደነገጡ፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። ለዚያ ሁሉ ዓመት እምቢ ያሉት ወረቀት አሁን በአንዲት ጎዶሎ ቁጥር ሊያመልጣቸው ነው።

ያኔ ጋሼ ድንገት ከኪሳቸው የጡረታ ወረቀታቸውን አወጡ። ሁልጊዜ ይዘውት ነው የሚዞሩት።

«እስቲ አንተ ቀላማጅ፣ የተቀጠርኩበትን ዓመት አንብብ።»

አነበብኩ።

«እሱው ነው!» አሉ። «አባቷ ደመወዝ የሌለው አማች አልፈልግም ብሎኝ አልነበር? መንገድ ሥራ የገባሁት ለዚሁ ነው። ኅዳር ተቀጠርኩ፣ ታኅሣሥ ሽማግሌ ላክሁ፣ ጥር ወሰድኳት።»

ሚዜው «እውነት ነው» አሉ። የአክስት ልጅም «እውነት ነው፤ በመጀመሪያ ደመወዙ ጫማ ገዝቶላት መጣ» አሉ። እትዬ የጡረታ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አዩት። የጡረታን ነገር የባላቸው ሞት ብቻ አድርገው ሲፈሩት ኖረዋል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ ጣታቸውን አሳረፉና ለትንሽ ጊዜ አላነሡትም።

«እንግዲህ ጻፊው ልጄ» አሉ ለመዝጋቢዋ።

ጣትዎን ያሳርፉ ሲባሉ እትዬ «መሠረተ ትምህርት ተምሬያለሁ» ብለው እስክሪብቶውን ያዙ። ስማቸውን ሲጽፉ አንዱ ፊደል ከሌላው ፊደል አንድ የእግር መንገድ ያህል ይርቃል። ማንም አላቻኮላቸውም። ጨርሰው ወረቀቱን ወደ መዝጋቢዋ ገፋ አደረጉና፣

«ሚስት የሚለው የቱ ላይ ነው?» አሉ።

አሳየቻቸው።

«አንብቢልኝ።»

አነበበችላቸው። አንዴ ደገመችላቸው።

ዕጩው ተመረጠ ወይ ለምትሉኝ፣ ድምፅ አሰጣጥ ምስጢር ነው። አስተባባሪው ግን እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም፤ መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። ዕጩው ራሱ አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ሆኖ አይቶኝ «ዛሬስ ማን ሞተ?» ብሎኝ አልፏል።

ያን ሰኞ ከቀበሌ ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ጋሼ መሃል ተቀምጠዋል። እትዬ ወረቀቱን በነጠላቸው ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«እስቲ እኔም ልየው» አሉ ጋሼ።

«እጅዎ ላብ አለው።»

«ጠረግሁት እኮ!»

«ቤት ሲደርሱ ያዩታል።»

ቤት ደረስን። እትዬ ግን ወደ ውስጥ አልገቡም። የላይኛዋን ጎረቤት ጠሩ፣ የታችኛዋን ጠሩ፣ ባለቤቴንም በአጥር ጠሯት። ሦስቱን በረንዳው ላይ አቁመው ወረቀቱን ከነጠላው ፈቱና ከላይ ጀምረው፣ ከማኅተሙ ጀምረው፣ ፊደል በፊደል ያነቡላቸው ጀመር። ጋሼ ከሦስቱ ሴቶች ኋላ አራተኛ ሆነው፣ በዱላቸው ተደግፈው፣ አንገታቸውን ዘርግተው ይሰማሉ።